የኋላው በር

እዚህ በስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ስቴክኒውን ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት ነው። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ ያን ቀን አላዩም።

ያኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና አንድ ወሬ ነበር። እናቴን ዌስትቼስተር ሰፈር ከምታጸዳበት ሆቴል አምጥቼ፣ ፓርክ የማደርግበት አጥቼ ስንዞር ቆይተን አንዱ ምግብ ቤት ገባን። ጎናችን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ወሬ ሲጀመር ለካ የእናቴ አገር ሰው ናቸው፤ እሷ ባደገችበት የገበያ ከተማ፣ በትልቁ ሆቴል አስተናጋጅ ነበሩ። የእናቴ ደስታ! ያን ሆቴል ሳታነሳ ውላ አታውቅም፤ ጣሊያን የሠራው፣ ባለ ፎቅ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ የእንጨት ሰገነቱ ገበያውን ቁልቁል የሚያይ። በገበያ ቀን የቅቤውና የበርበሬው ሽታ እስከ መኝታ ክፍሎቹ ይወጣል ትል ነበር።

ሽማግሌው ስቴክኒ ዘርግፈው ሆቴሉን ጠረጴዛው ላይ ይሠሩት ጀመር። "ይኸው ደረጃው፤ ይኸው ቡና ቤቱ።"

"ኧረ ጋሼ፣ ደረጃው በስተግራ ነው!" አለች እናቴ፤ እንደ ልጅ ተጨቃጨቁ።

እናቴ ከኋላ በኩል አንዷን ስቴክኒ ልታነሳ እጇን ሰደደች። "እዚህ ጋ በር አለ። ወታደሮቹ ሊይዙት በፊት ለፊት ሲገቡ ወንድሜ በዚህ ነው ያመለጠው።"

"የለም እትዬ፣ ሆቴሉ የተወረሰ ጊዜ፣ ገና ወታደሮቹ ሳይመጡ፣ በሩ በግንብ ተደፍኗል እኮ፤ ድንጋዩን ያቀበልኩት ራሴ..."

ሳይጨርሱ ፊቷን አዩ።

አጎቴን አላውቀውም። እናቴ ግን አንድ ቀን ይደውላል እያለች፣ ለቅሶ ሳትቀመጥ፣ ተዝካር ሳታወጣ ነው የኖረችው። ተስፋዋ ሁሉ ያ በር ነበር።

ሽማግሌው ፈጠን ብለው ስቴክኒዋን አንስተው ክፍተት አበጁ። "እርጅና ነው እትዬ፣ ምን ነካኝ! በኋላ ከፍተውታል።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች እናቴ። እኔ ውሃዬን ጠጣሁ።

መኪና ውስጥ ቀይ መብራት ይዞን፣ "ደግ ሰው ናቸው" አለች። ቀጥላም፣ "ውሸት ግን አይሆንላቸውም።" አረንጓዴው በራ፤ እኔ ግን ወደ እሷ ዞሬ ነበር። ከኋላችን ክላክስ ቀለጠ።

በሳምንቱ እናቴ ጥቁር ለብሳ ለቅሶ ተቀመጠች። ከለቀስተኛው ሁሉ ቀድመው የመጡት ሽማግሌው ነበሩ። "ይግቡ እንጂ ጋሼ" ብላቸው፣ ብላቸው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ቀሩ። እናቴ ራሷ ተነስታ፣ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው።