ተጸያፊዋ ኩልሱም

ኩልሱም የማትጸየፈው ነገር አልነበረም። ከደሴ መጥታ ጅጅጋ ውስጥ የሠርግ ምግብ መሥራት ከጀመረች ሃያ ዓመት ቢሞላትም፣ በሰው ብርጭቆ ውሃ እንኳ ጠጥታ አታውቅም። ጎረቤቷ ሀምዲ “ኤዶ” እያለች እንደ አክስት ታከብራታለች፤ ኩልሱም ግን ሀምዲ ከቀብሪበያ የሚመጣላትን የግመል ወተት ለገዢ ስትቀዳ ባየች ቁጥር እንትፍ ትላለች። ከኮሮና ወዲህ ደግሞ ሳኒታይዘር በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ከዚህ የበለጠ ንጽሕና የለም ባይ ናት።

አምና የሰፈሯ ልጅ የሆዳን ሠርግ ሁለት ቀን ሲቀረው እሷን ራሷን ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ዋለ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ተጸያፊ ሰው እንዲህ ያለውን ያወራል እንዴ? በማግስቱ ቆመላት፤ የቆመ ነገር ያለፈ መሰላት። በሠርጉ ዕለት እጇን በሳኒታይዘር አሽታ ሰላጣውን ከተፈች፤ በዚያው እጇም አዋሐደችው።

ከዚያ የመጣው ያስጠላል። ከመቶው እንግዳ ስልሳው ተኛ፤ ሽንት ቤት ያልደረሰው በር ላይ፣ በር ያልደረሰው ምንጣፍ ላይ ለቀቀው። ሙሽራዋ በሂና ባጌጠ እጇ ባልዲ አቅፋ ዋለች። ኩልሱም አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ በየበሩ ዞረችና ሰዉን ያሳመመው በሠርጉ የቀረበው የሀምዲ ወተት ነው አለች። ሦስት ቀን ሳይሞላ ከሀምዲ የሚገዛ ጠፋ፤ ወተቱ ይደፋ ጀመር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

በአራተኛው ቀን የጤና ባለሙያው ሪድዋን መጣ። ወተት ያልቀመሱትም ታመዋል አላት። ቫይረስ ነው፤ ሆድ ከቆመም በኋላ ለቀናት ከሰው ይወጣል፤ ሳኒታይዘር እምብዛም አያጠፋውም፤ ከእጅ የሚያስለቅቀው ሳሙናና ውሃ ነው። ከምግብ ሠሪዎቹ ቀድሞ የታመመ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት።

የለም አለችው። እሱ ሲወጣ እጇን አየች፤ ያ ሰላጣ ትዝ ሲላት ተጸየፈችው። ሌላው ሲያስጠላት አፍንጫዋን ይዛ ትሄድ ነበር፤ ከራሷ የት ትሂድ?

ወደ ሀምዲ ሄዳ ገዢ በሌለበት ደጇ ላይ አገኘቻት። እንግዳ እንግዳ ነውና ሀምዲ ወተት ቀድታ ዘረጋችላት። ኩልሱም አልተቀበለችም።

“ዛሬም ተጸየፍሽኝ፣ ኤዶ?”

“አንቺን አይደለም። ሰዉን ያሳመመው የእኔ እጅ ነው፤ መታመሜን ደብቄ ነው የሠራሁት። ሳሙና ስጪኝ፣ ብርጭቆሽን እንዳላቆሽሸው።”

ሀምዲ ሳሙና ሰጥታ ውሃ አፈሰሰችላት፤ ኩልሱምም እስከ ክርኗ አሸች። ታጥባ ስትጨርስ እጇን ዘረጋች። ሀምዲ ግን ብርጭቆውን ወደ ኋላዋ አድርጋው ነበር።

“መጀመሪያ በየበሩ ሂጂና ንገሪ” አለቻት። “ወተቱን ስትመለሺ ትጠጪዋለሽ።”