ኮፍያ የተሰቀለበት ማርሽ

ልጅ ሳለሁ አጎቴን አያ ደሴን የማየው እንደ ጻድቅ ነበር። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ደሜ ይፈላል። ይህን መጻፌን ቢሰማ «ያቺ ምላሰኛ» ይለኛል። ይበል።

ቤታችን ከሳንቃ በር ወዲያ፣ ወደ በየዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ያኔ አያ ደሴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ የአንድ የደባርቅ ነጋዴ ፒካፕ ይነዳል፤ ገብስ ያወርዳል፣ ሰውና ጨው ይዞ ይመለሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ማታ እኛ ቤት ጎራ ሲል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተግተልትሎ ይገባል። እናቴ ምድጃው ላይ የአስታ ግንድ ትጨምራለች፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዙ በበሩ ነፋስ እየተርገበገበ፣ እሱ መደቡ ላይ ተደላድሎ ቆሎውን እየቆረጠመ ይጀምራል። በሌላው ቤት ተረቱ ስለ ጦጣና ስለ ቀበሮ ነው። በእኛ ቤት ተረቱ ስለ አቀበት ነበር፣ ጀግናውም ምንጊዜም ራሱ ነበር።

መኪናዋ ሁለት የማርሽ ዘንግ ነበራት። ረጅሙ ዘወትር የሚቀያየረው ነው። አጭሩ ደግሞ መኪናዋን ሃይ ከሚሉት ፈጣን ጉልበት፣ ሎው ወደሚሉት ቀርፋፋና ብርቱ ጉልበት የሚያዞር ነው። አያ ደሴ አጭሩን ኮፍያ ይሰቅልበት ነበር። ሎው ማስገባት በቅሎ ላይ ተቀምጦ ጅራቷን መያዝ ነው ይለናል። ከሁሉ የምንወደው የዳባቱን ሹፌር ተረት ነበር። ሰውዬው ቦቅቧቃ ነው፤ ገና ጭቃ ሲያይ ይወርድና የፊት ጎማዎቹም አብረው እንዲጎትቱ መቆለፊያቸውን በእጁ ያዞራል፣ ተመልሶ ሎው ያስገባል፣ ከዚያ ይድሃል። አንዲት ሴት እንስራ አዝላ ታልፈዋለች። ምንጭ ወርዳ፣ ቀድታ ስትመለስ እዚያው ታገኘዋለች። አዝናለትም «ወንድሜ፣ አንተ እንስራዬን ያዝልኝ፣ መኪናህን እኔ ልሸከምልህ» ትለዋለች። ይኼኔ አያ ደሴ በሃይ ሽው ብሎ ሁለቱንም ጥሏቸው ያልፋል። እኛ በሳቅ መሬት ላይ እንንከባለላለን። ያ የዳባት ሹፌር በእርግጥ ከነበረ፣ ማታ ማታ መኪናውም እሱም በደህና ቤታቸው ይገቡ እንደሆነ ግን ያኔ ማንኛችንም አልጠየቅንም።

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ የሚኒስትሪ ፈተና የምንቀመጠው ደባርቅ ወርደን ነበር። ወሩ ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ገብቷል። የሰፈራችን ተማሪዎች በዋዜማው በእግር ወርደው ዘመድ ቤት ሊያድሩ ተስማሙ። ጓደኛዬ ጥሩዬም አብራቸው ልትሄድ ስንቋን ቋጥራ ነበር። ከሁለታችን ጎበዟ እሷ ነበረች፤ ሒሳብ ያስጠናችኝ እሷ ናት። አባቷ ቁርጡን ነግሯታል፤ ካለፈች ትማራለች፣ ካላለፈች ጥር ላይ ትዳራለች። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። አያ ደሴ ጠዋት ሊወስደን ቃል ገብቷል፣ እሱ እያለ ምን በእግር አስኬደን ብዬ ስንቋን አስፈታኋት። ምነው ያኔ ምላሴ በተቆረጠ።

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ጥሩዬ መሐል ተቀመጠች፣ ኮፍያው ጉልበቷን እየነካት። ቡይት ራስ ከሚባለው ቦታ ከመድረሳችን በፊት አንዲት የዋልካ አቀበት አለች፤ ሌሊቱን ዘንቦባት አዲስ እንደተለቀለቀ ግድግዳ ታብለጨልጫለች። ከሥሯ ሜዳው ላይ ወደ በየዳ ጭነት የጫኑ ባለበቅሎዎች ቆመዋል፣ አብሯቸው መንገዱ የሚያቋርጠውን ብሔራዊ ፓርክ የሚጠብቁ አንድ ሽምግል ያሉ ስካውት አሉ። ስካውቱ ወደ መስኮቱ ቀረቡ።

«ደሴ፣ እዚሁ ሜዳው ላይ ሳለህ ሎውን አስገባ። ከገባህበት በኋላ አትችለውም። ልጆች ይዘሃል» አሉት።

አያ ደሴ ባለበቅሎዎቹን አየ። እነሱም እሱን አዩት።

«የዳባቱን ሰውዬ መሰልሁዎት?» አለ።

ባለበቅሎዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ብደብቀው ደስ ባለኝ፣ ግን ሳቅሁ። ጥሩዬ ብቻ አልሳቀችም።

በሃይ ተንደርድሮ ገባ። እስከ ወገቧ ወጣንና የኋላ ጎማዎቹ ዋልካውን እየበተኑ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር፤ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር መኪናዋ ራሷን ትቀብራለች። ወደ ኋላ አንሸራተተና እንደገና ተንደረደረ። በሦስተኛው ተንጋድዳ ቦይ ውስጥ ገባች፣ ሆዷ መሬት ነካ። ይኼኔ ነው ኮፍያውን ከአጭሩ ዘንግ ላይ ያነሣው። ሳበው፣ አልነቃነቅ አለ። በሁለት እጁ ሳበው፣ በእግሩም ገፋው። ለዓመታት ተነክቶ ስለማያውቅ ከሥሩ ዝጎ ደርቋል። ወርዶ የጎማዎቹን መቆለፊያ ላዙር ቢል እነሱንም ዝገት በልቷቸዋል። ባለበቅሎዎቹ መሳቁን ትተው ድንጋይ ያቀብሉት ጀመር። «አሁን ትወጣለች፣ አሁን» እያለ ብዙ አቆየን። በመጨረሻ ጥሩዬ ጫማዋን አወለቀችና «እንሂድ» አለችኝ።

ከዚያ እስከ ደባርቅ እየሮጥን፣ እየወደቅን ሄድን። ስንደርስ ፈተናው ከተጀመረ ቆይቷል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ የቆመው መምህር ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስከ ጉልበታችን የደረሰውን ጭቃ አይቶ ፊቱን አዞረ። ሰዓቱ ካለፈ ማንንም ማስገባት እንደማይችል፣ የመጀመሪያው ወረቀት ያመለጠውም በሚቀጥለው ዓመት እንጂ ዘንድሮ እንደማይፈተን ቀስ ብሎ ነገረን። እኔ ጮኼ አለቀስሁ። ጥሩዬ አላለቀሰችም። እርሳሷን ከሹራቧ ኪስ አወጣችና ለእኔ ሰጠችኝ።

እናቴ ከአባቴ ጋር ተሟግታ ዓመቱን አስደገመችኝ፤ በዓመቱ ተፈትኜ አለፍሁ። ጥሩዬ ጥር ላይ ተዳረች። ሙሽሮቹን በዚያችው ፒካፕ ጡሩምባ እየነፋ የወሰዳቸው ማን ይመስላችኋል? አያ ደሴ።

ዛሬ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ የከብት ክትባት ይዤ ከደባርቅ በየዳ እመላለሳለሁ፣ የምነዳውም እኔው ነኝ። ደረቅና ደልዳላ መንገድ ላይ በሃይ እሄዳለሁ። ዋልካ ወይም ቀጥ ያለ ቁልቁለት ከፊቴ ሲመጣ ግን ገና ሜዳው ላይ ሳለሁ እቆማለሁ፣ አጭሩን ዘንግ እስባለሁ፣ ከዚያ ነዳጅም ፍሬንም ሳላበዛ በዝግታ አልፋለሁ። የመንገድ ዳር ጎረምሶች ይስቁብኛል። ነገሩ በቃ ይኸው ነው፤ አንድ እጅና ጥቂት ትዕግሥት። ለዚህች ነው የአንዲት ልጅ ዕድሜ የተቃጠለው! እንደ ድፍረት ሲነገረን ያደግነው ነገር የሰው ዓይን ፍርሃት ነበር። ዘንጉን በሳብሁ ቁጥር ይህን አስታውሼ እንደገና እናደዳለሁ፤ ንዴቱ ያረጃል ብዬ ነበር፣ አላረጀም።

ባለፈው ዓመት የጥሩዬ የመጨረሻ ልጅ ክርስትና ተነሣና ሄድሁ። አመሻሽ ላይ ወደ ጓዳ ስገባ አያ ደሴ፣ አርጅቶ፣ ጥርሱ አልቆ፣ ምድጃው ዳር ልጆች ከቦ ተቀምጧል። ተረቱ የዚያን ቀን ጉዞ ነው! ሰማይ ተቀደደ፣ መንገዱ ተናደ፣ እሱ ሁለት ልጃገረዶች ይዞ በሃይ እየዘለለ ደባርቅ ፈተና ቤት አደረሳቸው። ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። ጥሩዬም እንጀራ እያቀረበች ከልቧ ትስቃለች።

«አላደረስኸንም» አልሁት።

አያ ደሴ እኔን ሳይሆን ጥሩዬን አየ። እሷ እጄን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝ።

እንዴት ትስቂለታለሽ አልኋት፤ የልቤን ሁሉ ዘረገፍሁባት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አንቺ አለፍሽ፣ ለመናደድም አቅም አገኘሽ» አለችኝ። «እኔ ካልሳቅሁበት እንዴት አድርጌ ልኑረው?»

ከውስጥ ትልቋ ልጇ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ፣ «ከዚያስ፣ አያ?» ስትል ተሰማን። ጥሩዬ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ተመልሳ ገባች።

«አንቺ ተነሺ» አለቻት። «ሒሳብሽን ሥሪ።»

ልጅቱ ተረቱ ሳያልቅ እያጉረመረመች ተነሣች። ከምድጃው ዳር ከሰማሁት ሁሉ ዛሬም ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ የጥሩዬ ቃል ነው።