ከማን ሰማሽው?

ያንን ደብተር ዝጋው። መጻፉን አልከለክልህም፤ ለጊዜው ግን ዝጋውና ስማኝ። ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት ደብተር ዛሬም ይሸጣል ማለት ነው? እኔ ከዚያ ወዲህ በደህና ዓይን አይቼው አላውቅም። ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲገቡ የነሱን በጋዜጣ እየሸፈንኩ ነው ያሳለፍኩት። የአዲስ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬ ስር ሲደርስ ደሜ ይፈላል። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልንገርህ፤ ስም አትጠይቀኝ። ልብስ ሰፊው እልሃለሁ፣ የኔታ እልሃለሁ፣ አስለቃሿ እልሃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ከኔ አፍ አይወጣም። ስለ ባህላችሁ ልጽፍ ነው የመጣሁት አላልክም? እንግዲያው ባህላችን ምን እንዳመጣብን ስማ።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መካነ ሰላም ውስጥ ክሊኒክ ተቀጥሬ ካርድ አወጣ ነበር። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የከላላ ሰዎች በቅሏቸውን ጭነው መመለስ ሲጀምሩ፣ ነጭ ጋውኔን አውልቄ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ እሄዳለሁ። ሱቁ መስኮት የለውም። በበሩ የሚገባው የአስር ሰዓት ፀሐይ እስከ ስፌት መኪናው እግር ይደርስና የጨርቁ ብናኝ በውስጡ ሲንሳፈፍ ይታያል። የከሰል ካውያው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ እስስ ይላል። የመኪና ዘይትና የአዲስ አቡጀዲ ሽታ አለ። እኔ የተማርኩት እዚያ ሽታ ውስጥ ነው።

ልብስ ሰፊው ሙስሊም ነበር፤ በልጅነቱ ቁርአን ቤት ኖሯል፤ ፔዳሉን እየረገጠ መንዙማ ያንጎራጉራል። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰባን ያለፉ፣ ጥምጣማቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነበለ። መጀመሪያ የመጡት ቀሚሳቸውን ሊያስጠግኑ ነው አሉ፤ ቀሚሱ ተጠግኖ ካለቀም በኋላ ስምንት ዓመት ተቀመጡ። አስለቃሿ በክርስቲያኑም በእስላሙም ለቅሶ የምትጠራ ሴት ናት፤ እንዝርቷን ይዛ ትመጣና እየፈተለች ታወራለች። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

ምን ትሠሩ ነበር ትለኛለህ። እናወራ ነበራ! የኔታ በዚያ ዕድሜያቸው የአረብኛ ፊደል መማር ጀመሩ። ልብስ ሰፊው ጨርቅ በሚያሰምርባት የሳሙና ስባሪ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይጽፍላቸዋል፤ እሳቸው ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው ይከተላሉ። እጃቸው ተንቀጥቅጦ ሲያበላሹት፣ አብሽሩ የኔታ፣ እኔ በዚህችው ፊደል ሁለት ወር ሙሉ ተገርፌያለሁ ይላቸዋል። እሱም በተራው ግዕዝ ይጠይቃቸዋል። አስለቃሿ አንድ ቀን፣ ሙሾ ላይ ሟቹን ለምን እንደሚሰማ አድርገን እናናግረዋለን ብላ ጠየቀች፤ በዚያች ጥያቄ ሦስት ገበያ ተከራከርን። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የተማርኩ የሚመስለኝ፣ አፌን ከፍቼ ነበር የምሰማው። የማላውቀውን ስጠይቅ ማንም ስቆብኝ አያውቅም።

አንድ ሕግ ነበረን። ነገር ይዞ የመጣ ሰው ነገሩን ከመናገሩ በፊት ከማን እንደሰማው ይናገራል። የኔታ ጣታቸውን ቀስረው «ከማን ሰማሽው?» ሳይሉ አንዲት ቃል አያሳልፉኝም። የቅኔ ቤት ልማድ ነው፤ መምህሩን የማይጠራ ተማሪ ሌባ ነው ይላሉ። ልብስ ሰፊውም እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው አለ፤ ቁርአን ቤት ከማን እንደሰማ የማይናገር ሰው አይታመንም። እናም የኔታ አንድ ነገር ሲያመጡ፣ ይህን የሰማሁት ወግዲ ከነበሩት መምህሬ ነው፣ እሳቸው ከላላ ከነበሩት መምህራቸው፣ ብለው እስከ አራት አምስት ሰው ይቆጥራሉ። አቤት ደስ ሲል። የማላውቃቸው ሰዎች ተራ በተራ በሩን አልፈው የሚቀመጡ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። የወግዲ ገበሬ በሬውን ሸጠ፣ ዘሩን በላ፣ በመጨረሻ ራሱን ይዞ መጥቶ ክሊኒካችን በር ላይ ወደቀ። ለኛ ከላይ የመጣው ትእዛዝ ምን መሰለህ? ካርዱ ላይ ረሃብ ብላችሁ እንዳትጽፉ። ተቅማጥ በሉ፣ ትኩሳት በሉ። ጻፍኩ። አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ፊት ቁጭ ብዬ በዚህ እጄ ተቅማጥ ብዬ ጻፍኩ። ያዘዘው ሰውዬ ምሳውን በልቶ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር የሚቆጣጠረን። ዛሬም ባገኘው አልምረውም። ሱቁ ሄጄ እያለቀስኩ ስነግራቸው አስለቃሿ እንዝርቷን መሬት አስቀመጠችና ቀስ ብላ እንዲህ አለች፤

አልቃሽ ያጣ ሬሳ፣ በመንገድ ዳር ቀርቶ፣
ካርድ በሽታ ይላል፣ ሆዱ እህል አጥቶ።

በማግስቱ ያንን ደብተር ገዛሁ። ካርዱ ላይ ውሸት የምጽፍ ከሆነ እውነቱን አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። ሽማግሌውም አሮጊቷም በየመንደሩ እያለቁ ነበር፤ የሚያውቁትን ይዘው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ የሱቃችንን ወሬ መጻፍ ጀመርኩ። ሕጋችንንም ጠበቅኩ። እያንዳንዱ ነገር አጠገብ የተናጋሪው ስም አለ፤ ከስሙ ስር ከማን እንደሰማው፣ ያም ከማን እንደሰማው፣ የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ በየትኛው ገበያ ቀን እንደተነገረ። የኔታ ሳነብላቸው በደስታ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ጎበዝ፣ ማንንም አትዝለይ ይሉኛል። አልዘለልኩም! አፈር ልብላ፣ አንድ ሰው እንኳ አልዘለልኩም።

ንጉሡ ወረዱ። አልዋሽህም፣ እኔም ጨፍሬያለሁ። መሬት ለአራሹ የተባለ ለታ ልብስ ሰፊው ባንዲራ ሲሰፋ ውሎ ቀይ ጨርቅ አለቀበት። የኔታ እንኳ ገበሬው የራሱን መሬት ሊያርስ ነው ብለው እልል አሉ። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይቆይ ግን ነገሩ ዞረ። አንድ ገበያ ቀን የኔታ ከስብሰባ መጡ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሊናገር ሲነሳ በሰደፍ ገፍተው እንዳስቀመጡት አይተዋል። ሳሙናዋን ሳይነኩ ብዙ ቆዩና፣ ገበሬው መሬት አገኘ፣ መናገሪያ ግን ተወሰደበት፣ አሉ። ጻፍኩት። ከጎኑ ስማቸውን። ወይ እኔ! ምን ነክቶኝ ነው?

ደብተሩ የሚቀመጠው የልብስ ሰፊው ቁልፍና ክር ያለበት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ጨርቅ ደብቋል ተብሎ ሱቁ ሲፈተሽ እሱን አገኙት። አዲሱ ካድሬ ከሌላ አውራጃ የመጣ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ከኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። አራታችንንም ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አስጠርቶ ግድግዳ ስር አቆመንና ደብተሩን ገልጦ በእርሳስ መስመር ያሰምር ጀመር። ይኸው፣ አለ። ይኸው የወግዲው ህቡዕ ሴል፣ ይኸው የከላላው ሴል። ማን ለማን እንዳስተላለፈ፣ በምን ቀን። እንዲህ ያለ የተደራጀ መረብ አይቼ አላውቅም አለ። እኔ መሃል ገባሁና የቅኔውን ልማድ፣ የቁርአን ቤቱን ልማድ፣ ሁሉንም አስረዳሁት። ፈገግ ብሎ ሰማኝ። ያቺን ፈገግታ ዛሬም ባጠፋት ደስ ይለኛል።

ጉዱን ልንገርህ? ሁለት አብዮት ጠባቂ ወግዲ ድረስ ሰደደ፤ የየኔታን መምህር እንዲያስሩ። ሰውዬው የሞቱት ጣሊያን ሳይገባ ነው! ጠባቂዎቹ ሁለት ቀን ባክነው መጥተው፣ መቃብራቸውን አሳዩን አሉት። ደብቀዋቸው ነው ብሎ መዘገበ። ስንቱን ሕዝብ በዚህ ጭንቅላት ነው የገዙት! ዛሬ ሰው ሲያወራው ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ስሞቹን ሁሉ ካሰመረ በኋላ ስለ ገበሬው የተባለችው ላይ ደረሰና ጮክ ብሎ አነበባት። ይህችን ያለ ሰው ደሴ ይሄዳል፣ የቀራችሁት እዚሁ ትጣራላችሁ አለ። ደሴ የተላከ ሰው አይመለስም ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን። የየኔታ ስም እዚያው ተጽፎ ይታያል፤ ግን ካድሬው በአፋቸው እንዲያምኑ ፈልጓል። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፣ እግራቸው አብጧል። ጭነት መኪና ላይ እንኳ በሕይወት አይደርሱም። ያኔ ልብስ ሰፊው አንድ እርምጃ ወጣ።

«የኔ ናት» አለ። «ልጅቷ ስም ተሳስታ ነው። እኔ ነኝ ያልኳት።»

ካድሬው ወደኔ ዞረ። ተሳስተሻል ወይ አለኝ። አዎ ብል የኔታ ይተርፋሉ፣ ልብስ ሰፊው ይሄዳል፤ አምስት ልጆች አሉት። አይደለም ብል የኔታን በአፌ ገደልኳቸው። ዓይኔን ደብተሩ ላይ ተከልኩ። የኔታ ግን ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ተጠጉና የልብስ ሰፊውን ትከሻ ያዙ።

«አይ ልጄ» አሉት። «የኔ ናት። የሰው አልወስድም፣ የራሴንም ለሰው አላሸክምም።»

ልብስ ሰፊው፣ በአሏህ ይሁንብዎ የኔታ፣ ዝም ይበሉ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ወደ ካድሬው ዞረው ቃሏን ደገሟት፤ ከመምህሬ አልሰማኋትም፣ ከራሴ ናት፣ ሲሉ ጨመሩ። ካድሬው ጻፈ። በማግስቱ ጠዋት በእህል መኪና ጭነው ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲህ ያየ የለም። ሬሳም አልመጣ፣ ወሬም አልመጣ። ለቅሶም እንዳይቀመጡ ተከለከለ። አስለቃሿ ስድስት ወር ታስራ ወጣች፤ ልብስ ሰፊው ከሷም ቆይቶ ወጣና የስፌት መኪናውን አስጭኖ ኩታበር ገባ። እኔ? እኔን በሳምንቴ ለቀቁኝ። ጸሐፊ ብቻ ናት ተባልኩ። ወደ ካርዴ ተመለስኩ።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርህ፤ እሱን ጻፈው።

ዝናቡ ሳይጀምር የየኔታ ባለቤት ክሊኒክ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ካርድ ሊያወጡ መስሎኝ ብዕሬን አነሳሁ። ካርድ አይደለም አሉና በመስኮቷ አጎነበሱ።

«ልጄ፣ እቤት ሲመጡ ዝም ብለው ነበር የሚበሉት። እናንተ ዘንድ ግን ይስቁ ነበር ይሉኛል። ምን እያሉ ነው የሚስቁት? አንዷን ብቻ ንገሪኝ።»

ከኋላቸው አንድ አብዮት ጠባቂ ቆሟል፤ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ፣ የቆሰለ እግሩን ሊያሳሽግ ተራ የሚጠብቅ። እኛን የሚሰማ እንኳ አይመስለኝም። እኔ ግን እሱን አየሁና፣ ረሳሁት እማማ አልኳቸው።

«ይሁን ልጄ። ያስረሳል» አሉኝ። በረንዳው ላይ ትንሽ ቆመው ሄዱ። በሚቀጥለው ኅዳር ላይ አረፉ።

አልረሳሁትም። እንዴት እረሳለሁ! የኔታን የሚያስቃቸው የራሳቸው ነገር አልነበረም። «ይህን የሰማሁት ከባለቤቴ ነው» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ገና ሳይጨርሱት ሳቅ ያፍናቸዋል። ቅኔ ሲቆጥሩ ያደሩ ለታ፣ እግዜር አንዴ ተናግሮ ዓለምን ፈጠረ፣ እርስዎ ሲናገሩ አድረው ዶሮዋን እንኳ ከጓሮ አላስወጡም፣ አለችኝ ይላሉ። እንዲህ ያለ ስንት ነበረ መሰለህ። ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም፤ ቁም ነገር አልመሰለኝም ነበር። ስለዚህ ካድሬውም አላገኘውም። የቀረው እኔ ጋ ብቻ ነው። ባለቤታቸው መስኮቷ ላይ ቆመው ለመኑኝ፤ እኔ ከለከልኳቸው።