የኦቦ ከድር ዐሥረኛ ዙር

ዛሬ ጧት ስልኬ ላይ የኦቦ ከድር ስም ሲመጣ «ረቡዕ ገና ነው፤ ምን አስቸኮለዎት?» እያልሁ ነበር ያነሣሁት። የመለሰችልኝ ልጃቸው ዘይነብ ናት። «ጋሼ፣ አባቴ...» አለች። ሳትጨርሰው ገባኝ፤ እስካሁን ግን አላመንሁም። ቅዳሜ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ የነበሩትን ሰው፣ ዛሬ ከአሱር ሶላት በፊት ጎባ ላይ ቀበርናቸው።

በዚህ ገጽ የምታነቡኝ ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ስለ ፍርሃት ስጽፍ አይታችሁኝ አታውቁም። መምህሮቼ በአለንጋ ያሳደጉኝ፣ እኔም ትምህርት ቤት ስመራ ቀና ብሎ የሚያየኝ ያልነበረ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ፈርቻለሁ። ምን እንዳስፈራኝ ለማስረዳት ስለ አንድ ጨዋታ መናገር ይኖርብኛል።

ኦቦ ከድር ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሱ ሾፌር ነበሩ። ከጎባ እስከ ጎሮ፣ ከዚያም ቆላው ድረስ የማያውቁት ጉድጓድ አልነበረም። ጡረታ ሲወጡ ወንድ ልጃቸው አንድ ካርቶን የጦርነት ጨዋታ ላከላቸው፤ የአውሮፓ ካርታ የታተመበት ሰሌዳና አረንጓዴና ግራጫ የፕላስቲክ ወታደሮች። ካርታውን አገላብጠው አዩና «ይህን መንገድ ነድቼው አላውቅም» ብለው በጀርባው ባሌን ሣሉበት።

የመረጥነው ሁለታችንም በወጣትነታችን ያየነውን የምሥራቁን ጦርነት ነበር። እኔ፣ በታሪክ እንደሚታወቀው፣ ጦሩ ሁሉ በነበረበት ቦታ ይሰለፍ አልሁ። እሳቸው እምቢ አሉ።

«እሱንማ እናውቀዋለን፣ ዳይሬክተር። ከመጀመሪያው ጥይት አንድ ወር ቀደም ብለን እንጀምር። ማን የት ቆሞ ቢሆን ነበር ሁሉም ወደ ቤቱ የሚገባው?»

ደንብም አወጡለት። ዐሥር ዙር ያለ ተኩስ ካለፈ ሁለታችንም አሸናፊዎች ነን።

«ጦርነት የሌለበት የጦርነት ጨዋታ!» ብዬ ሣቅሁባቸው።

«እርስዎ እያሉ መች ይጠፋል!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ሁለቱን ጦር ከወንዝ ወዲህና ወዲያ አራቁት፤ ወንዙን ተሻገርሁ። ታንኮቹን አነሡ፤ በእግረኛ አጠቃሁ። የሁለታችንም ስንቅ ከጎሮ ገበያ እንዲመጣ፣ ቀድሞ የተኮሰም ገበያውን እንዲያጣ አደረጉ፤ ወታደሮቼ እንደሚራቡ እያወቅሁ ተኮስሁ።

«አሁንስ ምን ታየዎት?»

«ሊመጡብኝ ነው።»

«ማን? እኔ? በአንድ እጄ ሻይ፣ በአንድ እጄ ቂጣ ይዤ?»

ከዚያ ሁልጊዜ የሚሏትን ይሏታል፦ «ሱታ፣ ዳይሬክተር። ማንም አልመጣብዎትም።» ቀስ ይበሉ ማለታቸው ነው፣ በኦሮምኛ።

አንድ ቀን ለማንም ያልነገርሁትን ነገርኋቸው። በዚያ ጦርነት ዘብ ቆሜ ሳለሁ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በጉሙ ውስጥ የእግር ኮቴ ሰማሁ። «ማነህ?» ሳልል ተኮስሁ። አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማኝ። ጉሙ ሳይገለጥ ቦታውን ለቅቀን እንድንሄድ ታዘዝን። ወታደር ይሁን መንገደኛ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኦቦ ከድር የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። አልፈረዱብኝም፤ አላጽናኑኝምም። በሳምንቱ ስሄድ አሰላለፉ እንደገና ተለውጧል። ጦሩ ሁሉ ወደ ኋላ ርቆ፣ በተራራው መተላለፊያ ላይ አንድ አረንጓዴ የእኔ ወታደርና አንድ ግራጫ የእሳቸው ወታደር ብቻ ፊት ለፊት ቆመዋል።

ግራጫውን በጣታቸው እያሳዩ «ይሄም ፈርቷል» አሉኝ። «መጀመሪያ ማነህ ይበሉት።»

ቅዳሜ ዕለት ዘጠኝ ዙር ያለ ተኩስ አለፈ። እንዲህ ሆኖልን አያውቅም። በዐሥረኛው ዙር የቀረው የእኔ ተራ ብቻ ነበር። እጄን ስዘረጋ «ረቡዕ ይጨርሱት፤ ዛሬ ቸኩለዋል» አሉኝ። እኔም ተነሥቼ ሄድሁ። ወስኜ እንደ ነበር ግን አልነገርኋቸውም። ልተኩስ ነበር።

ዛሬ ከቀብር ስንመለስ ለቀስተኛው በዛና ጠረጴዛው ተፈለገ። ሰሌዳው ቅዳሜ እንደ ተውነው ነበር። ዘይነብ «ጋሼ፣ እርስዎ ያንሷቸው፤ እኛ ቦታ ቦታቸውን አናውቅም» አለችኝ።

በእኛ ጨዋታ የነካ መጫወት አለበት። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ኦቦ ከድርንም እንደ ተማሪ ስቆጣበት ኖሬአለሁ። እጄ ተዘርግቶ ከአረንጓዴው ወታደር በላይ ቀረ። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ጣት የማታህል ፕላስቲክ!

«አልነካውም» አልኋት። «ተራዬን አልፌያለሁ። ከነሰሌዳው ይነሣ።»

ከኋላዬ አንድ ሰው «ምስኪን፣ ሐዘኑ ነው» ሲል ሰማሁ። ዘይነብ ግን ገብቷታል። አራት ጎረምሶች ጠርታ ሰሌዳውን ዳር ዳሩን አስያዘቻቸው፤ ትንፋሻቸውን ውጠው ወደ አባቷ መኝታ ክፍል አስገቡት። አንድም ወታደር አልወደቀም።

አሁን ሮቤ፣ ቤቴ ውስጥ ነኝ። ጉሙ እስከ አጥሬ ወርዷል። ይህን እየጻፍሁ ሳለ በደጄ ኮቴ ሰማሁ፤ የግቢዬም ቆርቆሮ ተንኳኳ። ዱላዬን ይዤ ተነሣሁ። ልቤ እንደዚያን ጧት ይመታል። እንደ ምንም ብዬ «ማነህ?» አልሁ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች ጎረቤቴ። «የኦቦ ከድርን ሰምቼ ነው፤ ብቻዎን እንዳይሆኑ።»

ኦቦ ከድር፣ ዐሥሩ ዙር አልቋል። በደንብዎ መሠረት ሁለታችንም አሸንፈናል። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ጉሙ ነገም ይወርዳል፤ «ሱታ» የሚለኝ የለም። ደኅና ይሁኑ፣ ወንድሜ። በዚያ በሄዱበት፣ በጉም ውስጥ የወደቀ አንድ ሰው ቢያገኙ፣ እኔ ያልጠየቅሁትን ስሙን ይጠይቁልኝ።