የታንት ሉሲያን ግቢ ፍለጋ፣ ከዛንዳም እስከ ዴን ሃግ

ዓርብ ጠዋት ከዛንዳም ስነሳ የካካዎ ከረጢት የሚቆልል የመጋዘን ሠራተኛ አልነበርኩም፤ መርማሪ ነበርኩ። ከማል እባላለሁ። ትምህርት ቤትን ብዙ አላስቸገርኩትም፤ ደችኛን ከቴሌቪዥን፣ ካርታ ማንበብን ከስልኬ፣ ሰው መጠርጠርን ደግሞ ከናቴ ተማርኩ። በሦስቱም የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ።

የላኩኝ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ታንት ሉሲያ ናቸው፤ በሆላንድ ሥር ያለችው የካሪቢያን ደሴት፣ የአሩባ ሰው። «ታንት» እነሱ ዘንድ እንደኛ «እትዬ» ነው። እዚያ ያለው ታናሽ ወንድማቸው የናታቸውን መሬት ለመሸጥ ሰኞ ሊፈርም ነው። አንድ ሆቴል ሠሪ «ይሄ ድሮም ቁጥቋጦ ነው፣ ሰው ኖሮበት አያውቅም፣ ይቺን ተቀበልና ፈርም» ብሎታል። ወንድምየው ቤቱን ሲለቁ ገና ሕፃን ስለነበር አምኗል። ታንት ግን እዚያው ነው የተወለዱት። ደሴቷ ራሷን ልታስተዳድር ስትቃረብ የደች መንግሥት የደሴቷን ቤት፣ አጥርና ጉድጓድ ሁሉ ለክቶ ካርታ አንስቶ ነበር አሉ። ያንን አምጣልኝ አሉኝ።

እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ጀመረ። ሊለቅ ያለ ተከራይ ግድግዳ ሲለካ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አምስተርዳም

አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰውዬ የደሴቷን ካርታዎች በሣጥን ደርድሯል፤ አንዱ ወረቀት ሰባ ዩሮ። አገላበጥኩ። ሁሉም አለ፣ የታንት መሬት ያለበት የባሕር ዳርቻ ብቻ የለም። ማን ገዛው ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። የባሕሩ ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ሰዎች ከሶፋቸው በላይ ይሰቅሉታል አለኝ። እኔም ሶፋ አለኝ፤ የሰው ግቢ ግን አልሰቀልኩበትም። የገዛው ሆቴል ሠሪው እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ሻጩ ሮተርዳም ያለ አንድ ጡረተኛ ቀያሽ ጠቆመኝ፤ በወጣትነቱ ደሴቷን ራሱ የለካ ነው።

ሮተርዳም

ጣቢያው አጠገብ ድንች ጥብስ በአምስት ዩሮ ገዛሁ፤ ዘይቱ ሥጋ ነክቶት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነው የበላሁት። የቀያሹ ቤት ደረጃ መሰላል ነው ቢባል ይቀላል። ሽማግሌው በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፈተ።

«ማን ነው የላከህ? ሆቴሉ ነው?»

የምጠረጥረው እኔ ሆኜ ሳለ! ታንት ሉሲያን፣ ጉድጓዳቸውን፣ ወንድማቸውን ነግሬው ሰንሰለቱ ወረደ። ሻይ ሰጠኝ፣ አንድ ብስኩት ሰጠኝ፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ መልሶ ከደነ። ሊለቅ ያለ ሰው ለምን ይለካል የሚለውን ጥያቄዬን አቀረብኩለት።

«ቤት ስታስረክብ ቆጥረህ ነው» አለ። «ኋላ ይሄ ነበር፣ ያ አልነበረም እንዳትባባሉ።»

ማን ለማን እንደቆጠረ ግን አልነገረኝም። የምፈልገው ወረቀት እሱም ጋ የለም፤ ዴን ሃግ ቤተ መጻሕፍት ሂድ፣ በነጻ ያሳዩሃል አለኝ። በነጻ ሲል እጄ ራሱ ኪሴን ያዘ።

ዴን ሃግ

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ አንዲት ልጅ፣ ካርታውን እንደ አራስ ታቅፋ አመጣችው። ታንት የነገሩኝን ኮረብታ አገኘሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑን አገኘሁ፤ የቁልቋል አጥሩንና ጉድጓዱንም። ቤቱ ሊኖር የሚገባው ቦታ ግን ነጭ ነው። ባዶ።

ፍቀውታል አልኳት። ልጅቷ አልተቆጣችም፤ አጉሊ መነጽር ሰጠችኝ። የተፋቀ ነገር የለም። ለማንኛውም ብዬ ፊቱንም ጀርባውንም በስልኬ አነሳሁት።

ባቡር ውስጥ ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ለኚያ አሮጊት ይዤ የምገባው ሆቴል ሠሪውን የሚደግፍ ማስረጃ ነው።

ዛንዳም

«ቤቱ የለም ታንት፣ አጥፍተውታል» አልኳቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩ፤ ከዚያ ሳቁ። «ስንለቅ እናቴ የጣራውን ቆርቆሮ ሸጠችው፣ ግድግዳውን ንፋስ በላው፣ ለኪዎቹ ሲመጡ ምን ሊያገኙ ነው?» አሉኝ። ወዲያው ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይቺ ነጠብጣብ መስመርስ?»

አይቻታለሁ። ከጉድጓዱ ተነስታ ባዶው መሃል ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሠዓሊው ቀለም አልቆበት ነው ብዬ አልፌያት ነበር።

«የእግር መንገድ ናት» አሉ ታንት። «ውሃ የማመላልስባት። የቆመችው በራችን ላይ ነው። ቁጥቋጦ ውሃ ሊቀዳ አይሄድም፣ ከማል።»

ለወንድማቸው ደወሉ። በቋንቋቸው ስለሆነ አንድ ቃል አልገባኝም፤ መጀመሪያ ጮሁ፣ ቀጥሎ አዳመጡ። ዘግተው ወደኔ ዞሩ። «ሰኞ አይፈርምም፤ ካርታውን ይዞ ጠበቃ ጋ ይሄዳል» አሉኝ።

እኔም አንድ ነገር ተማርኩ፤ ባዶ ቦታ ሳይ ማን ፋቀው ከማለቴ በፊት ወደዚያ የሚሄድ መንገድ እፈልጋለሁ። ቤቴ ወርጄ ወሎ ላለው ወንድሜ ደወልኩ፤ ከቤታችን ወደ ምንጩ የምትወስደው መንገድ አሁንም ሰው ይሄድባታል ወይ አልኩት።

«ለምን ጠየቅከኝ?» አለኝ። «መሬቱን ልትሸጠው ነው እንዴ?»

እናታችን ለካ እሱንም አስተምራዋለች።