በ«ሀ» የሚጀምሩ ዘፈኖች

ይህ የደረሰብኝ ጦርነቱ ወደ ሐይቅ እየቀረበ በነበረበት ሰሞን ነው። በእነዚያ ወራት ብዙ ሰው ከእኔ የባሰ አይቷል፤ እኔ አልቆሰልኩም፣ ቤቴም አልተቃጠለም። ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ጊዜ ደጋግሞ የሚመላለስብኝ አንድ ጠዋት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ስለፈራሁ ነው» እላለሁ። ፍርሃቱ እንኳ ከለቀቀኝ ቆይቷል።

ሥራዬ ዘፈን መጫን ነው። ሐይቅ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቄ በሰው ስልክና ፍላሽ ላይ ዘፈን፣ መንዙማ፣ መዝሙር እጭናለሁ። ሾፌሩም፣ ተማሪውም፣ ዓሣ አስጋሪውም ደንበኛዬ ነው። ወሬ ስለምወድ የገባ ሁሉ ታሪኩን ሳይነግረኝ አይወጣም።

ለውጡ የመጣ ሰሞን፣ አገሩ ሁሉ ተስፋ በተስፋ ሆኖ ሳለ፣ የሐይቁን ውኃ የሚያጠና አንድ ጃፓናዊ ሱቄ ገባ። በተሰባበረ አማርኛ «አምባሰል ብቻ» አለኝ። የጫንኩለትን ሲያዳምጥ ዐይኑ እንባ አቀረረ። «የእኛም እንዲህ ነው» አለና ከላፕቶፑ የአገሩን ዘፈኖች ከፈተልኝ። ቋንቋው ባይገባኝም ዜማው የእኛኑ ይመስላል፤ ያው አምባሰል ጃፓን ደርሶ የመጣ ነው የሚመስለው።

ልስጥህ ቢለኝ የእኔ ሚሞሪ ሞልቷል። እሱ ደግሞ ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ዘፈኖቹን በፊደላቸው ተራ በየፎልደሩ ደርድሯቸዋል። ከሁሉም አንዱ ፎልደር ብቻ ገባልኝ፣ ስማቸው በ«ሀ» የሚጀምረው። ሠላሳ አንድ ዘፈን። እኔም የማላውቀውን ጭኜ አላድርም ብዬ የእያንዳንዱን ትርጉም እየጠየቅሁ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ሀና፣ አበባ። ሀሃ፣ እናት። ሀሺ፣ ድልድይ። ሀታ፣ ባንዲራ። ሀናቢ፣ ርችት። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ አገሩ ገባ። ደብተሩን ግን አልጣልኩትም።

ጦርነቱ ሲቀርብ ዕቃዬን ደሴ ላስቀምጥ ብዬ ኮምፒውተሩን፣ ሚሞሪዎቹንና ያንን ደብተር በሻንጣ ይዤ በጠዋት በሚኒባስ ተነሣሁ። ከሐይቅ ወጣ እንዳልን የገጠር ወጣቶች ገመድ ዘርግተው የሚፈትሹበት ኬላ ነበር። ዱላና አንድ ጠመንጃ ይዘዋል። አንዳቸውንም አላውቅም፣ እነሱም አያውቁኝም። አለቃቸው ደብተሬን ገለጠና ፊቱ ተለወጠ።

«ሀሺ ማለት ድልድይ? የትኛው ድልድይ?»

«ዘፈን ነው፣ ወንድሜ። የጃፓን ዘፈን ነው።»

«ባንዲራውስ የማን ነው? ርችቱ መቼ ነው የሚተኮሰው?»

አሁን ሳስበው ያስቃል። ያኔ ግን አላሳቀኝም። ዘፈን መሆኑን ላሳያቸው ብዬ ስልኬን ከፍቼ አንዱን ዘፈን አሰማኋቸው፤ ይኸው ራሴን በራሴ ገደል ከተትኩ። የማይታወቅ ቋንቋ ሲሰሙ ይባስ ብለው «ሰርጎ ገብ ነው!» ተባባሉ። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ። እጄን የፊጥኝ አሰሩኝ። በዚያ ሰሞን «ለምርመራ» ተብሎ ከመንገድ የተወሰደ ሰው ሁሉ እንደማይመለስ ይወራ ነበር። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው ብዬ እናቴን አሰብኩ።

ከኬላው አጠገብ ግራር ሥር ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ሐጂ እንድሪስ ይባላሉ። ወጣቶቹ ሁሉ ተነሡላቸው። በኋላ እንደሰማሁት በጉብዝናቸው ወራት ለሰርግ የሚጠሩ የአምባሰል ዘፋኝ ነበሩ፤ ሐጅ አድርገው ከተመለሱ ወዲህ ከመንዙማ ሌላ ከአፋቸው አይወጣም። መድፉን ሸሽተው ከአምባሰል ወረዳ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው። ዋሽተው አያውቁም ይባላል።

አለቃው ጆሯቸው ድረስ ተጠግቶ ጮኸ፦ «ሐጂ! ይሄ ሰውዬ ዘፈን ነው ይላል! ቋንቋው አይታወቅም!»

ሐጂ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ከዚያ ስልኩን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉትና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተነቃነቁም።

«ይሄማ አምባሰል ነው» አሉ።

«ሐጂ፣ ቋንቋውስ?» አለ አለቃው አሁንም እየጮኸ።

«ቋንቋውን ተወው። ስለ አምባሰል ለእኔ ልትነግረኝ ነው? ወላሂ አምባሰል ነው! ፍቱት!»

ፈቱኝ። አለቃው ራሱ ሻንጣዬን ዘጋልኝ። ጉልበታቸውን ልስም ብጎነበስ ሐጂ «አብሽር፣ ልጄ» ብለው ቀና አደረጉኝ።

በሦስተኛው ቀን ከደሴ ስመለስ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። ቤቱ ከኬላው አልፎ መንገድ ዳር ነው። ልጃቸው ሻይ አቀረበችልኝ። ሐጂ አልጠጡም። ረመዳን አልነበረምና ግራ ገባኝ።

«ሐጂ ይጾማሉ እንዴ?» አልኳት ልጅቷን።

እሷ ጮክ ብላ ስትነግራቸው ፈገግ አሉ። «ስለ አንተ ለማልኩት መሐላ ማካካሻ ነው የምጾመው። ዛሬ ሦስተኛዬ ነው። ደጃችን መድፍ ከወደቀ ወዲህ ሰው ሲጮህልኝ ነው የምሰማው። ዜማማ ከጆሮዬ ወጥቷል። ያንን ዘፈንህን አልሰማሁትም።»

«ሐጂ፣ እውነት እኮ አምባሰል ይመስላል! አልዋሹም!» ብዬ ጮህኩ።

«ቢመስልም እኔ አላወቅሁም። ሳልሰማ ነው የማልኩት።»

«ታዲያ ለምን ማሉ?»

«እጅህ ታስሮ አየሁዋ።»

እንባዬ መጣ። ያስለቀሰኝ ግን ደግነታቸው ብቻ አልነበረም። እኔ ከመታሰሬ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሰርጎ ገብ የሚፈልጉ የከተማው ወጣቶች መናኸሪያው ውስጥ ሸክም የሚሠራ አንድ ሰው ይዘው ሱቄ በር ድረስ አምጥተውት ነበር። አነጋገሩ የእኛ አገር አይደለም። እሑድ እሑድ እየመጣ የአገሩን ዘፈን ያስጭን ነበር። ስሙን አውቃለሁ። የልጁንም ስም አውቃለሁ፤ ፎቶዋን አሳይቶኛል።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» አሉኝ። ሰውየው ዐይን ዐይኔን አየኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ሰላም ከሆነ በኋላ መናኸሪያ ውስጥ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ የት እንደደረሰ የነገረኝ የለም።

ያን ቀን ይህን ለሐጂ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ሐጂ ያልሰሙትን ምለው ሦስት ቀን ከጾሙ፣ የሚያውቀውን የካደ ምን ያድርግ ብዬ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ለሐጂ መናገር መጮህ ነው። ልጃቸው አለች፣ ጎረቤት አለ፣ መንገደኛ ያልፋል። ሻዬን ጠጣሁና ተሰናብቼ ወጣሁ።

በዓመቱ ሐጂ ማረፋቸውን ሰማሁ። እዚህ የምጽፈው ለእሳቸው ልጮኸው ያልደፈርኩትን ነው። ያንን ሰው አውቀዋለሁ።