ጎማ ይበላል ወይ?

ባለፈው እሑድ ልጄ ለኮሌጅ የምታስገባውን ጽሑፍ እንዳነብላት ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። ግብርና በላኦስ ኢኮኖሚ ውስጥ ስላለው ሚና የሚያወራ ነው። እኔ በአማርኛ ስጠይቃት እሷ በእንግሊዝኛ እየመለሰች፣ አገር ሲያድግ የግብርናው ድርሻ እንደሚቀንስ፣ ገበሬውም ሩዙን ትቶ ለገበያ የሚሆን ተክል ቢተክል እንደሚሻለው አስረዳችኝ። «ዳድ፣ ፕሮግረስ እኮ ነው» ብላ ጨረሰች። ይህንኑ ሐሳብ፣ በዚሁ እርግጠኝነት፣ እኔም አንድ ጊዜ ተናግሬው ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ እዚህ ስደት አገር፣ ብሉሚንግተን ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ላውንድሪ እሠራለሁ። አንሶላ የማጥፈው ቡንሚ ከሚባል ስድሳ ከተጠጋው የላኦስ ሰው ጋር ነበር። ያቀራረበን ምሳ ነው። እሱ ከቀርከሃ ሙዳዩ ውስጥ እንደ ሊጥ የሚያያዝ ሩዝ በጣቱ እየጠቀለለ ይጎርሳል፤ እኔም እንጀራዬን። «በእጁ የሚበላ ሰው አይዋሽም» አለና ከሩዙ ቆረሰልኝ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ በእረፍት ሰዓት ከላይብረሪ የተዋስኩት መጽሐፍ ከእጄ ስለማይጠፋ «ፕሮፌሰር» ይለኝ ነበር። እሱ ሲቀልድ እኔ ከልቤ ተቀበልኩት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንዱ በሽታ ይህ ነው፤ የሚያርመው መምህር ስለሌለ ያነበበውን ሁሉ ያወቀው ይመስለዋል።

በዚያ መኸር፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ከታናሽ ወንድሙ ደብዳቤ መጣለት። አንድ ኩባንያ የሩዝ ማሳቸውን ወስዶ የጎማ ዛፍ ሊተክልበት ይፈልጋል። በእነሱ ልማድ ደግሞ አባት ያወረሰው መሬት የበኩር ልጅ እሺ ሳይል አይነካም። ቡንሚ ለሳምንታት ምሳው አልበላ አለው። በመጨረሻ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ወደሚከራያት የአትክልት ቦታ በመኪናዬ ራይድ ስሰጠው መንገድ ላይ ምክር ጠየቀኝ።

ስለ አገር እድገት አንድ መጽሐፍ አንብቤ ስለነበር የአንድ መጽሐፍ ያህል አወራሁ። ሩዝ የድሃ እርሻ ነው፣ ጎማው ይተከል፣ የበለጸጉት አገሮች ሁሉ በዚህ በር ነው ያለፉት አልኩት። አትክልቱ ቦታ ስንደርስ ከደረቀው የጎመን አገዳ ላይ አፈር እያራገፈ፣

«ጎማ ይበላል ወይ?» አለኝ።

ሳቅሁ። «ጎማው ይሸጣል፣ ሩዝ ይገዛል።»

«ሩዙን የሚሸጥልህ ካለ» አለ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም። ለወንድሙ እሺ ብሎ ጻፈ።

በዚያ የበረዶ ወራት ቤተሰቦቹ ፎቶ ላኩለት። ውሃ የሚይዙት የአፈር ግድቦች በዶዘር ተደልድለው፣ ማሳው ቀይ ራቁት ሜዳ ሆኗል። እንደ በሬ የሚያርሱባቸው ጎሾችም ተሸጠዋል። ቡንሚ ፎቶውን የብረት ቁም ሳጥኑ ውስጥ በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠው። የጎማ ዛፍ ተተክሎ ሰባት ዓመት ያህል ሳይቆይ ጎማ የሚሆነውን ፈሳሽ እንደማይደማ ያወቅሁት ከዚያ ወዲያ ነው። መጽሐፌ ውስጥ ኖሮ ይሆናል፤ እኔ ግን አልፌዋለሁ።

ከዓመት በኋላ፣ በረዶው አልለቅ ባለበት ጸደይ፣ የሩዝ ዋጋ በየቦታው ይወጣ ጀመር። ቡንሚ በሚገዛበት፣ ሴንት ፖል ከተማ ባለ የእስያ ሱቅ በር ላይ «ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጆንያ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሰዉ ተሰልፎ፣ አንዱ የሌላውን ጋሪ በዓይኑ ይመዝናል። ቡንሚ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ። «እዚህ እንዲህ ከሆነ፣ እዚያስ?» አለ።

ሰኞ አንሶላ እያጠፍን ሳለ፣ ቀና ሳይል፣ «ዘሩን በልተውታል» አለኝ።

እናቱ በየመኸሩ ዛላ በዛላ እየመረጠች ከምድጃ በላይ የምትሰቅለው የሩዝ ዘር ነበር፤ ከሞተች በኋላም የወንድሙ ሚስት ስትጠብቀው ኖራለች። ማሳው ሲሄድ እንኳ አንድ ቀን ይዘራል ብለው አስቀርተውት ነበር። ወንድሙ የድንበሩን ወንዝ ተሻግሮ ታይላንድ ውስጥ የሰው ሩዝ ሊያጭድ ሄዷል።

ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም። አባቴ የአርሲ ገበሬ ነው። በክፉ ዓመት እኛን እያስራበ የዘሩን ጆንያ አላስነካም፤ ዘሩን የበላ ቤት የሚጠብቀው ክረምት የለውም ይል ነበር። ይህን በሆዴ ተምሬው ሳለ፣ ለቡንሚ የመለስኩለት ከመጽሐፍ ነው። እሱ ስለ ቤቱ ጠየቀኝ፤ እኔ ስለ አገር መለስኩለት።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ጽሑፏን ልታጠፋው ስትል ከለከልኳት፤ የጻፈችው ውሸት አይደለም። «ግን ሰባቱን ዓመት ምን ይበላሉ? እሱንም ጻፊ» አልኳት።

እሷም፣ ለወትሮው በማትመልስልኝ ቋንቋ፣ «ሰውዬው ተቆጣህ?» አለች።

አልተቆጣኝም። በዚያ በጋም ከአትክልቱ ጎመንና ቃሪያ በከረጢት ያመጣልኝ ነበር፤ ሩዙንም ይቆርስልኝ ነበር። ብቻ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ፣ ሥራ እስክለቅ ድረስ፣ የሚጠራኝ በስሜ ነበር።